ወደ መጋዘኑ የሚወስደው መንገድ

የስልክ ላይ የተኩስ ጨዋታዎችን አጥብቆ የሚቃወም ሦስት ገጽ ጽሑፍ አሳትሜ አውቃለሁ። ትውልዱ አንገቱ ጎብጦ፣ አውራ ጣቱ ብቻ ጎልብቶ እንደሚቀር በልበ ሙሉነት አስረድቻለሁ። ጨዋታውን ግን አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር። በዚህ ብዙም አላፍርም። ያልቀመሱትን ወጥ ጨው በዝቶበታል ማለት የእኛ የጸሐፊዎች የቆየ መብት ነው።

ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ከደወሌ ስልክ መታች።

«አነበብኩት» አለች።

«እንዴት አየሽው?»

«ጥሩ ነው። አሁን ጨዋታውን ጫነው።»

«ምን?»

«ስልክህ ላይ ጫነው። ነገ ከምሳ በኋላ ከእኔ ጋር ትጫወታለህ።»

ባለቤቴ የጉምሩክ ሠራተኛ ናት። እኔ ጅግጅጋ ውስጥ አስተምራለሁ። ሁለታችንም የተወለድነው ሌላ ቦታ ነው። ለሁለት ዓመት ብለን መጥተን ከተማው ያዘን። ልጅ አልወለድንም፤ ቤታችንን የሞላው መጽሐፍ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ልጅ አቧራ ይወዳል። በ2012 ዓ.ም. እሷ ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ ተመደበች። «አትሂጂ» አላልኳትም። «ሂጂ»ም አላልኳትም። «አንቺ የመረጥሽውን እኔ አከብራለሁ» አልኳት፤ እንዲህ ባልኩበት ቅጽበትም ራሴን በጣም አደንቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልክ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሰዓት እናወራ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ንግግራችን አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። «በላህ?» «በላሁ። ሙቀቱስ?» «ያው ነው። ነፋሱስ?» «ያው ነው።» የደወሌ ሙቀትና የጅግጅጋ ነፋስ አንድም ቀን ተለውጠው ወሬ አልሰጡንም። ስለዚህ ጨዋታውን ጫንኩት። ማንም እንዳያየኝ በሬን ዘግቼ ነው የጫንኩት። የጻፍኩትን ሰው ረስቶት እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። አሁን ሳስበው፣ ከመጀመሪያውም ያነበበው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ደወሌ ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት መኪና አይንቀሳቀስም። ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፣ የጉምሩክ ሠራተኞቹና ትራንዚተሮቹ ፋን ያለበት ክፍል ገብተው ስልካቸውን ያወጣሉ። እሷም ጨዋታውን የተማረችው ከእነሱ ነው። ጅግጅጋም በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ይሆናል። ሱቁ መጋረጃውን ይጥላል፣ ቢሮው ይቆለፋል፣ ጫቱ ይገባል፤ ወንዶቹም መፍረሽ በሚሉት የመቃሚያ ክፍል ውስጥ ትራስ ተደግፈው የዓለምን ችግር አንድ በአንድ መፍታት ይጀምራሉ። እኔ አልቅምም። ሁሉም በሚቅምበት ከተማ አለመቃም ደስ ይለኛል። የትውልድ አገሬ ስሄድ ደግሞ ቃሚውን ሁሉ ሲረግሙ ስለምሰማ ስለ ጫት ጥሩ ጥሩውን አወራላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ አስቀድማ አውቃ ነው ያገባችኝ።

ጨዋታው አራት ለአራት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ቤዝ የሚባል አንድ ግቢ አለው፤ ተቃራኒው ቡድን ገብቶ ጥቂት ሰከንድ ከቆመበት ተሸነፍክ። የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም። ይወድቃል፣ መሬት ላይ እየዳኸ ይቆያል፤ ጓደኛው ደርሶ ካነሳው ይተርፋል፣ ካልደረሰለት አለቀለት። ሕጉ ይኼ ብቻ ነው። ሌላው ጩኸት ነው።

በመጀመሪያው ቀን በስድስት ጨዋታ ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳልቆይ ሞትኩ። በሰባተኛው ባለቤቴ አዘነችልኝ።

«አንተ ዝም ብለህ እዚህ ቁም» አለችኝ። «ከዚህ ግድግዳ ጀርባ። የሚገባውን ሰው ብቻ ምታ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ቆምኩ። መቆሙ ተስማማኝ። በዚያ ግድግዳና በበሩ መካከል ያለችው ቦታ ከመኝታ ቤታችን ትንሽ ትሰፋለች። ስንጥቋን፣ የተገለበጠ በርሜሏን፣ ከየትኛው ማዕዘን የማን ጥላ እንደሚቀድም ሁሉ ለመድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አያልፈኝም ነበር። እሷ ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። ተዘግቶ ያየችውን በር ሁሉ ትከፍታለች። በሥራዋ ቀኑን ሙሉ የኮንቴይነር በር ታስከፍታለች፤ በእረፍቷም ያው ናት። «ገባሁ!» ትላለች፤ ከዚያ ተኩስ ይሰማል፤ ከዚያ ወይ ትስቃለች ወይ «ወደቅኩ፣ ተዉኝ» ትላለች። ሁልጊዜ እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ነው የምትላቸው፦ ወደቅኩ፣ ተዉኝ። እኛም እንተዋታለን። ቤዙን ትቶ የወደቀ ሰው ለማንሳት መሮጥ የጀማሪ ስህተት ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ማን ስንት ሰው እንደመታ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይወጣል። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ይኼን በተመለከተ ለባለቤቴ ረዘም ያለ ንግግር አድርጌላት አውቃለሁ። ዓለም የሮጠውን ይቆጥራል፣ የሰበረውን ይቆጥራል፣ የገባውን ይቆጥራል፤ እኔ በመቆሜ ያልሆነውን ነገር ግን የሚቆጥርበት ሰንጠረዥ የለውም አልኳት። ታሪክ የሚጻፈው በአጥቂዎች ነው፤ ከተማ ቆሞ የሚያድረው ግን በማይታወቁ ጠባቂዎች ነው አልኳት። ጨርሼ መልስ ስጠብቅ፣

«ማይክህን ዝጋው፣ ኮቴ እንዳልሰማ አደረግከኝ» አለችኝ።

ሦስተኛና አራተኛ ሰው ያስፈልገን ነበር። ሦስተኛው ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ሆነ፤ የጅግጅጋ ልጅ፣ በእድሜ እኩያዬ፣ አማርኛን ከእኔ ተማሪዎች አብልጦ የሚናገር፣ ለሳል የመጣን ሰው ስለ ሳል ታሪክ አስተምሮ የሚሸኝ ሰው። እሱ ደግሞ የአጎቱን ልጅ አመጣ፤ ቱሊ ጉሌድ በምትባል የአካባቢው ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ርዕሰ መምህሩን ለረጅም ጊዜ በድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው። ተኩስ መሐል እንኳን አንቱታ አይለቅም። ባለቤቴን «ኮማንደር» ብሎ ይጠራታል።

«ኮማንደር፣ እባክዎ ይመለሱ! ሰገነቱ ላይ ሰው አለ!»

«አይቼዋለሁ!»

«ቢያዩትም ይመለሱ፣ እለምንዎታለሁ!»

ፋርማሲስቱ ደግሞ ይቀጥላል፦ «ዋርያ፣» በሶማሊኛ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ «እለምንዎታለሁ እያልክ ትዋጋለህ እንዴ? ይኼኔ ጠላት ማመልከቻ የምታነብ መስሎት ይጠብቅሃል።»

የኛ ቡድን ልዩ ስህተት ከሰላት በፊት «አንድ ጨዋታ ብቻ» ማለት ነው። ሁለቱም ሰጋጆች ናቸው፤ የአስር ሰላት መቼ እንደሚደርስ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሆኖም ሩብ ሰዓት ሲቀር ፋርማሲስቱ «ትበቃለች፣ አንዲት አጭር» ይላል። አንድም ቀን በቅታ አታውቅም። መሐሉ ላይ አዛኑ ይነሳል። ከጨዋታ ጥሎ የወጣ ሰው ደግሞ ለብዙ ሰዓት መግባት ይከለከላል፤ ቡድኑም ጎዶሎ ይቀራል። ስለዚህ የሆነ ቀን ፋርማሲስቱ ተዋጊውን ቤዙ ጥግ፣ ከበርሜሉ ጀርባ አስቀምጦ፣

«አንተ አትሰግድም፤ ጠብቀን» አለኝና ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። ርዕሰ መምህሩም ተዋጊውን አጠገቡ አምጥቶ አቆመና «ለአላህ፣ ከዚያም ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ ሆነ። አዛኑ መጀመሪያ ከኔ መስኮት ይገባል፤ ያው አዛን ትንሽ ዘግይቶ በፋርማሲስቱ ማይክ ይመጣል፤ ከዚያ የቱሊ ጉሌዱ በርዕሰ መምህሩ በኩል፣ ከዚያ በባለቤቴ ስልክ የደወሌው። ሦስት ከተማ ጆሮዬ ውስጥ ተራ በተራ ይጣራል። ሁለቱ ስልካቸውን ሳያጠፉ ይሄዳሉ፤ የውኃ ድምፅ፣ የጫማ ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው አይናቸውን ፈዘዝ አድርገው ያያሉ። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰው የሌለበትን ሰውነት መጠበቅ ከሰው ጋር ከመዋጋት ይበልጥ ያስጨንቃል። ተመልሰው ሲመጡ ፋርማሲስቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አለሁ?» ብሎ ነው። «አለህ» እለዋለሁ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አንድም ቀን «የለህም» ብዬው አላውቅም ነበር። ጥቂት ነገር ነው የምኮራበት፤ ይኼ አንዱ ነው።

በነዚያ ደቂቃዎች ባለቤቴና እኔ ብቻችንን እንሆን ነበር። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብዙ አናወራም። «ሁለት ሰው ወደ አንተ እየመጣ ነው።» «አየሁት።» «መታኸው?» «መታሁት።» «ጎበዝ።» ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ይኼ ይሻል ነበር። እንደውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው በዚህ እድሜው ሚስቱ «ጎበዝ» ስትለው እንደዚያ ደስ ይለኛል ብሎ አይጠብቅም።

ነገሩ የመጣው አንድ ሐሙስ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ መስመሩ ላይ ቆየች።

«ቅጽ መጥቶልኛል» አለች። «የደወሌ ጊዜዬ አልቋል። ወይ ወደ ጅግጅጋ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ወይ ደግሞ እዚሁ የቡድን መሪ ሆኜ ሦስት ዓመት እቀጥላለሁ። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ መመለስ አለበት።»

«ቡድን መሪ! እሰይ!»

«እሺ። ግን ምን ላድርግ?»

እዚህ ላይ አንባቢ ያልኩትን ሊገምት ይችላል። «አንቺ የመረጥሽውን እኔ አከብራለሁ» አልኳት። ጨመርኩበትም። «የትም ብትሆኚ እኔ እዚሁ አለሁ። በእኔ ምክንያት ምንም እንዳታጪ።» ጥሩ ንግግር ነበር። መጽሐፍ ላይ ባነበው ከሥሩ አሰምርበት ነበር።

«እሺ» አለች። ዘጋች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ቀናት ተጫወተች፤ ግን አልሳቀችም። ርዕሰ መምህሩ «ኮማንደር፣ ደህና ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ «ሙቀቱ ነው» አለችው። ሙቀቱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ ግን ላለማወቅ ጥሩ አድርጌ እሠራበት ነበር። ነጻ ትቻታለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ስንት ሴት ነው «ባሌ መፈናፈኛ አሳጣኝ» የምትለው? እኔ በር የማልዘጋ ሰው ነኝ። ይኼንን ለራሴ ገላዬን ስታጠብም ፈተና ሳርምም እየደጋገምኩ እነግረው ነበር። አንድን ነገር ለራሱ ያን ያህል የሚደጋግም ሰው አላመነውም ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

ሰኞ ዕለት ፋርማሲስቱ እንደ ልማዱ «አንዲት አጭር» አለ። አዛኑ ተነሳ። ሁለቱ ተዋጊዎቻቸውን ከበርሜሉ ጀርባ አስቀመጡ።

«ጠብቀን» አለ ፋርማሲስቱ።

«ሂድ፣ አለህ።»

ባለቤቴ ሩቅ ሄዳ ነበር፤ ካርታው ጫፍ ላይ ኮንቴይነር የሞላበት ትልቅ መጋዘን አለ። «ሥራ ቦታዬን ይመስላል» እያለች ሁልጊዜ ትስቅበታለች። የዚያን ቀን ሳትስቅ ገባች። ተኩስ ሰማሁ። ብዙ ተኩስ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«ወደቅኩ» አለች።

ጠበቅኩ። ሁለተኛው ቃል አልመጣም። ማይኳ ክፍት ነው፤ የፋኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ ትተነፍሳለች። «ተዉኝ» ግን አላለችም።

ሰው የወደቀበትን የምታሳየዋ ትንሽ ቀይ ምልክት ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከኋላዬ ሁለት ጓደኞቼ አደራ ብለው ትተውኝ ቁጭ ብለዋል። አንድ ዓመት ተኩል። በሩን አየሁት። ወጣሁ።

«የት ነሽ?» አልኳት።

«መጋዘኑ ውስጥ። ምን ሆንክ?»

«በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«መንገዱን አታውቀውም?»

«ወጥቼ አላውቅም እኮ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ስንጫወት? አንድ ቀን እንኳን?»

«ጠባቂ ነኝ።»

«በል ገበያውን አቋርጥ። አይ፣ በግራ። ግራ ነው ያልኩህ! እሱ ግድግዳ ነው፣ ምን ትገፋዋለህ?»

«ይኼ ሁሉ ቤት ነበረ እንዴ እዚህ?»

«ነበረ። ሩጥ። ደረጃ ታያለህ?»

«አየሁ።»

«አትውጣው። ከሥሩ እለፍ። ጎንበስ በል፣ ጭንቅላትህ ይታያል።»

እንዲህ እያለች መራችኝ። ድልድይ አለፍኩ፣ የተቃጠለ አውቶቡስ አለፍኩ፣ አንድ ዓመት ተኩል «ድልድዩ ጋ ነኝ»፣ «አውቶቡሱ ጋ ነኝ» ስትለኝ የነበረውን ሁሉ በዓይኔ አየሁት። ድልድዩ በአሳቤ ከሣልኩት ያነሰ ነበር። አውቶቡሱ ቢጫ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ሰማያዊ አድርጌው ነበር። መጋዘኑ ስደርስ ሁለት ኮንቴይነሮች መሐል እየዳኸች አገኘኋት። ማንሳት ስድስት ሰከንድ ይፈጃል። አጠገቧ ተንበርክኬ ቁልፉን ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአምስተኛው ሁለታችንንም መቱን። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ቀላ፤ ቤዙ ተይዟል።

ከዚያ በሳቅና በሌላ ነገር መሐል ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«መጣህ» አለች።

«ዘገየሁ።»

«መጣህ ነው ያልኩት።» አፍንጫዋን ሳበች። «አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ትጠብቅልኛለህ። አመሰግናለሁ። ፊቴንስ ማን ነው የሚያየው?»

በዚህ መሐል ፋርማሲስቱ ተመለሰ።

«አለሁ?»

«የለህም» አልኩት።

«እንዴት የለሁም?»

«ሞተሃል። ሁላችንም ሞተናል።»

«ዋርያ! ሱጁድ ላይ ሆኜ ነው የገደልከኝ?» ርዕሰ መምህሩም ደረሰ፤ «ጠባቂው ወዴት ሄደው ነበር?» አለ፤ ክፍል ውስጥ ያልተገኘ መምህር እንደሚጠየቀው ዓይነት።

«እኔን ሊያነሳ መጥቶ ነው» አለች ባለቤቴ።

ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«መንገዱን አግኝቶት?» አለ።

«እሷ መርታኝ» አልኩ።

«ወላሂ፣ እንግዲያው ይቅር ብያለሁ። ነገ ግን ሌላ ጠባቂ እንፈልጋለን። ይኼ ሰውዬ አንዴ በር መውጣት ከለመደ አይታመንም።»

ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያት ሲሉኝ «የቤተሰብ» አልኩ፤ ቃሉ ለምላሴ እንግዳ ነበር። ፋርማሲስቱ መንገድ ላይ ጠብቆ አንድ ፌስታል ሰጠኝ፤ ውስጡ በውኃ የሚበጠበጥ ጨው አለ፣ ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ። «ደወሌ አንተን ዓይነቱን ሰው ታደርቀዋለች» አለኝ። «ለኮማንደር ሰላም በልልኝ። እንድትመለስም ንገራት።»

«እሷ የመረጠችውን...»

«ዋላል፣» አለ እጄን ይዞ፣ በሶማሊኛ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «የመረጠችውን አልጠየቅኩህም። ንገራት ነው ያልኩህ።»

በሚኒባስ ድሬዳዋ ወረድኩ፣ እዚያ አድሬ ወደ ድንበሩ ቀጠልኩ። አይሻን ስናልፍ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ በመስኮት የሚገባው አየር የምድጃ ነበር። ይኼን መንገድ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተኝቼ። አሁን ነቅቼ አየሁት፤ እሷ በየእረፍቷ ወደ እኔ ስትመላለስበት የኖረችው መንገድ ነው። አንድም ቀን ሩቅ ነው ብላኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ደወሌ የደረስኩት ረቡዕ፣ ቀትር ሳይሆን ነው። መኪናዎቹ ተሰልፈዋል። ከሩቅ አየኋት፤ አንድ ከባድ መኪና ጎማ ላይ ወጥታ፣ ሻሿን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አስራ፣ የሸራውን ጫፍ ገልጣ ታያለች። ከሥር ሹፌሩ ይከራከራታል። ዞር ስትል አየችኝ። እጇ ሸራው ላይ ቀረ። ከጎማው ዘላ ወርዳ ሮጣ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ሳይናገር የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖረኝ እንደሚችል አላሰበችም። እንድታስብ የሚያደርግ ነገርም አድርጌ አላውቅም።

«ማንም አልሞተም» አልኳት።

«እናትህ...?»

«ደህና ናት። ማንም አልሞተም። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።»

አላመነችኝም፤ ፊቴን ታነብ ጀመር። እኔም ፊቷን አየሁት። ከአራት ወር ወዲህ አላየሁትም ነበር። ጉንጯ ላይ ፀሐይ የጣለችው ጥቁር ምልክት አለ፤ በዓይኗ ዙሪያ አዲስ መስመር ወጥቷል፤ ቅንድቧ ላይ አቧራ አለ። ሹፌሩ ከኋላ «እመቤት፣ እኔስ?» እያለ ይጮሃል።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ፋን፣ ከግድግዳ የሚወጣ የቻርጀር ሽቦ፣ ስልኳን የምታቆምበት ከካርቶን የተሠራ መደገፊያ። ሁለት ብርጭቆ አለ፤ አንደኛው የፋብሪካው ወረቀት እንኳን አልተላጠለትም። ከትራሷ ሥር ቅጹን አወጣች። ሁለት ገጽ ነው። ስሟ ተሞልቷል፣ የቅጥር ዘመኗ ተሞልቷል። ከዚያ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ባሉበት መቀጠል» እና «ዝውውር»። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ከሥራቸው «ምክንያት» ይልና አንድ መስመር ነጠብጣብ።

«ቡድን መሪነቱ ይቅርብሽ ማለቴ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። «እኔም እዚህ መምጣት እችላለሁ። አስተማሪ የማይፈልግ ቦታ የለም።»

«እዚህ? አንተ? በሦስተኛው ቀን ፀሐይን የሚቃወም ጽሑፍ ትጽፍና ሁላችንንም ሥራ ታስፈታናለህ።» ፋኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ቡድን መሪነቱን ፈልጌው አላውቅም። ቡድን አለኝ፤ እናንተ ሦስታችሁ ጉዶች።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልሞላሽውም?»

«ምክንያት ስጠኝ ብዬ ነበር። አክብሮት ሰጠኸኝ።» ቅጹን ከነእስክሪብቶው ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ጸሐፊው አንተ ነህ። ሙላው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያች የነጠብጣብ መስመር ያስቸገረኝ ገጽ የለም። መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ሞከርኩ። «በቤተሰብ ሁኔታ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ፤ አየችና «ይኼ ለመሥሪያ ቤትህ የነገርካቸው ነው» አለች። «የጋራ ኑሮን አጠናክሮ ለመቀጠል» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱን ጮክ ብላ አነበበችና ሳቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስተኛው ረጅም ነበር። አላስጨረሰችኝም።

«አንድ መስመር ነው ያለው» አለች።

የአስር ሰላት አዛን ተነሳ፤ ዛሬ አንድ ብቻ፣ ከመስኮቱ ውጪ። ወዲያው ሁለቱም ስልኮቻችን አልጋው ላይ እኩል ጮኹ፤ ፋርማሲስቱ ለነገ ጨዋታ እየጠራን ነው። በዚህኛው ሰዓት መጥራቱ ምን ላይ እንደደረስን ሊያይ ፈልጎ እንጂ ሊጫወት እንዳልሆነ ገባኝ። እሷ ሁለቱንም ደፋቻቸው።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ዝውውር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ መስመሩ ላይ ጻፍኩ፦ ባለቤቴ እንድመለስ ስለጠየቀኝ።

ሰጠኋት። ከጥያቄው ይልቅ በእጅ ጽሑፌ እንደምትናደድ አስቤ ነበር፤ ትልልቅ አድርጌ ጽፌ መስመሩ አልበቃኝም፣ የመጨረሻው ቃል ወርዶ የፊርማዋ ቦታ ላይ ገብቷል። ደግማ አነበበችው።

«መቼ ነው የጠየቅከኝ?» አለች።

«አሁን።»

«አልሰማሁም።»

«ተመለሺ» አልኳት። «ቤቱ ... ነይ ተመለሺ።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፤ የሚፈርሙበት ነጻ ቦታ ስላጣች ቃሌ ላይ ደርባ ፈረመች።